ውርጭ ነው ብዬ

ጠባሴ በኅዳር፣
ውኃ በባልዲ ውስጥ ቆዳ አውጥቶ ሲያድር፣
እግር ሲደነዝዝ ማን ምን ይጠረጥር
ከብርድ በስተቀር?

ውርጭ ነው አልኩኝ፤ ካልሲ ደረብኩበት፤
ሸዋረገድ ደግሞ ቅቤ ቀባችበት፤
በሞቀ ውኃ ውስጥ በጨው ዘፍዝፋ
"አይዞህ፣ በጋ ይፈታሃል" አለችው በተስፋ።
እግሬን ነው፣ እኔን አይደለም።
ይሰማኛል ብላ። እሱ ግን አይሰማም።

ነገሩ የጀመረው ከእግር አልነበረም፤
ከደረቴ ነበር። ቃር የሚሉት እሳት
ሌሊት ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬን ሲልሳት፣
ከመናኸሪያው ማዶ፣ ስንዱ መድኃኒት ቤት
ገባሁኝ በጠዋት።
"ለሁለት ሳምንት ነው" አለችኝ፤ ሰማኋት፤
ሁለቷን ሳምንት ግን አሥራ አንድ ዓመት ኖርኳት።

ኦሜፕራዞል።
ከልጆቼ ስም እኩል አፌ የለመደው፤
ፊቴን ሳልታጠብ፣ ሳላማትብ የምወስደው።
ለጾም ብዬ ሥጋውን፣ ለቃር ብዬ ቃሪያውን ተውኩ፤
ጠላ በዞረበት አልዞር አልኩ፤
እንክብሏን ብቻ አልተውኩ።

ቀስ እያለ ጣቴ ጓንት ያጠለቀ መሰለ፤
መርፌው ከእጄ ወድቆ እኔ እንደያዝኩት አለሁ።
የስፌት መኪናዬን መርገጫ
በድምፁ ነው የማውቀው፣ እግሬ አይነግረኝም።
አንድ ማታ ከበሬሳ ድልድይ በአንድ ጫማ መጣሁ፤
"ሌላውስ?" አለች ሸዋረገድ።
እግሬን አይቼ ደነገጥሁ።
ፊቴን ስታጠብ፣ ለሳሙናው ዓይኔን ብጨፍን፣ ወደቅሁ።
"እሱም መጠጣት ጀመረ" አለ ሰፈሩ።
ደንበኛዬ ጥላዬ ኮቱን ገልብጦ አይቶ
"ስፌትህ እባብ ሆነ" አለኝ፤
ሒሳቡን ግን ሞልቶ ከፈለኝ።
እሱ ነው የባሰኝ።

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል
(ጠብበው ብዬ ነበር)።
ባለ ሁለት ጣት ብረት መትቶ
ቁርጭምጭሚቴ ላይ አኖረ፤ "ይነዝርዎታል?"
"ዝም ብሏል" አልኩት።
"ጨፍነው ይቁሙ" አለ፤ ቆምኩ፤
ሲስተር ትርንጎ ባትይዘኝ ኖሮ አልጋው ላይ ነበርኩ።
"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"
"ምንም" አልኩት፤ እውነቴን ነው፤
እንጀራን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥራል?
ሸዋረገድ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ
ባዶ ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ሰባት፣ ስምንት።

"እሳቱን አጠፉት" አለኝ፣ "እሱ ግን ሥራ ነበረው፤
ቫይታሚኑን ከምግቡ የሚያላቅቀው እሱ ነው።
ጾሙም ሲታከል፣ የሚገባው ትንሽ፣ የሚላቀቀውም ጥቂት፤
የነርቭዎ ገበር አለቀ።"
ገበር።
ይኼን አውቃለሁ።
ገበር ሲያልቅ ከላይ አይታይም፤
ኮቱ ኮት ይመስላል፣ ቅርጹ ግን አይቆምም።

መርፌው ቀይ ነው፣ የቀይ ሥር ውኃ ይመስላል፤
እኔ ዕድሜዬን መርፌ የወጋሁ
አሁን በተራዬ ልወጋ ነው ብዬ ሣቅሁ።
እንክብሏን በሐኪሙ ቃል ቀስ በቀስ ቀነስን፤
ቃሩ ተመለሰ፤ ትራስጌውን በሁለት ብሎኬት አነሣን፤
ራት በጊዜ በላን።
ስንዱን አልከስስም፤ ሁለት ሳምንት ብላለች።

በአሥረኛው ሳምንት፣ የዩኒፎርም ቁልፍ ስተክል
አመልካች ጣቴን ወጋኝ።
"አመመኝ!" ብዬ ጮኽኩ፤ ሸዋረገድ ከጓዳ ሮጣ
ደሙን አየችና እልል አለች።
ግራ እግሬ ግን እስካሁን አልመጣም፤
ሐኪሙም "ይመጣል" ብሎ አልማለም።

አሁን ቅዳሜ ገበያ ስወጣ
ሰው ፊት አላይም፤ ጀርባ ጀርባውን ነው የማየው።
የሦስት ዓመት እባቦቼ ከተማው ውስጥ ይሄዳሉ፣
በማላውቀው ሰው ትከሻ፣ በተማሪ ሱሪ ጠርዝ።
ትናንት አንዱን ክንዱን ያዝኩት፤ ደነገጠ።
"አይዞህ" አልኩት፣ "እጄ ነው ያበላሸው፤
ና፣ ልተርትረው።"