ከለገሃር ጀርባ ያለ ወደብ

በካሬ ነው ዋጋዬ፣ በካሬ ነው ቀኔ፣
ግድግዳ ሲያረጅ ነው የሚደምቅ ዘመኔ።
አዳማ፣ ፍራንኮ፣ ከለገሃር ጀርባ፣
ዝገት የበላውን በር ገፍቼ ስገባ፣
ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ቁልፍ እያሽከረከሩ፣
«ነጭ ይሁን» አሉኝ፣ «ከጣራው እስከ በሩ።
አልጋ ላከራይ ነው ለመንገድ እንግዳ፣
ማን ይከፍልበታል ላደፈ ግድግዳ?»

ፋቅሁ።
የዐሥር ዓመት ኖራ እንደ ቅርፊት ወደቀ፤
ከሥሩ አረንጓዴ፣ የቀበሌ ቀለም፣ እሱም ተፋቀ፤
ከእሱ ሥር ጋዜጣ፣ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ፣
ፊቱ የጠፋ ሰው፣ ቀኑ ያለፈ።
ከዚያ ሰማያዊ።
መጀመሪያ ጥፍር የሚያህል፣ ቀጥሎ መዳፍ፣
ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ የጀልባ አፍ፣
ከዚያ ገመድ፣ ከገመዱ ሥር መረብ፣
ከመረቡ ኋላ ወደብ።

ደረጃ በደረጃ ወደ ውኃ የሚወርድ ከተማ፣
ጣራው ወደ ጣራ ተጠግቶ እንደ ጎረቤት የሚያማ፤
መስኮቱ ክፍት፣ ገመዱ ላይ አንሶላ፣
ዓሣ የምትጠርግ ሴት፣ ድመት ከእግሯ ኋላ፤
ከዳር የመብራት ግንብ፣ እንደ ጧፍ የቀጠነ፣
ለመጣም ለሄደም አንድ ዓይን የሆነ።

ኦቦ ሁንዴ መጡ በዱላ ተመርተው፣
የጣቢያው የድሮ ኩሊ፣ ዛሬ የግቢው ዘበኛ ናቸው።
ቆሙ። አላወሩም። ኮፍያ አወለቁ፣
ከመንገድ ማዶ ዘመድ አይተው እንዳወቁ።

«ሙሴ ስታቭሮ። ግሪክ ነው። ዘይትና ሚስማር ይሸጣል፣
ሲሰክር ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ያበድራል።
ባቡር ከድሬዳዋ ሲጮህ ሱቁን ጥሎ
ይሮጣል፤ ‹መርከብ ገባ! ሁንዴ፣ ገመድ ቶሎ!›
ሳቅሁበት፤ ገመድ የሚሻ ባቡር የት አለ?
ግን እየዋለ፣ እያደረ፣ ልቤ ውኃ አዘለ።
ጆንያ ተሸክሜ ከፉርጎ ስወርድ፣
ሳንቃው ከእግሬ ሥር እንደ ማዕበል ሲርድ፣
እኔም ማለት ጀመርኩ፣ ‹ዛሬ ባሕሩ ከፋ›፤
ነፋሱ ነዋ፣ ያኔም ቆርቆሮ ይገፋ።

ባሕር አላየሁም። ወንጂ ነው የራቅሁበት፣
አዋሽ ነው ትልቁ ውኃ እግሬን ያጠብኩበት።
ይህን ወደብ ግን አውቀዋለሁ፣ ደረጃውን በቁጥር፣
ማን ከማን እንደተጣላ በአጥር፣
የትኛው ጀልባ ሄዶ እንዳልተመለሰ፣
በየትኛው መስኮት ጥቁር እንደተለበሰ።
ሰማያዊ ቀለም ፈልጎ ሲያጣ
ነጠላ ማንጫ ዱቄት ገዛ፣ ባሕር ሊያወጣ።
በየክረምቱ ይደበዝዛል፣ በየመስከረሙ ይቀባል፤
‹የሰው አገር ዝናብ አገሬን ያጥባል› ይላል።»

ጣታቸው ተንቀጠቀጠ፣ ማዕዘኑ ላይ አረፈ፤
ከመርከቦቹ ፊት የእኛ ጋሪ ተሰልፏል፣ ፈረሱ የገረጀፈ፤
ከጋሪው አጠገብ ጎረምሳ፣ ጆንያ ያዘለ፣
አንድ እግሩ ሳንቃው ላይ፣ አንዱ ገና መሬት ያለ።
«ያ እኔ ነኝ» አሉ።

ያኔ ናዝሬት ነበር፣ ከባሕር ማዶ ስም ተውሶ፤
ዛሬ አዳማ ነው፣ የገዛ ስሙን ለብሶ።
በሱቁ አሁን ሞባይል ይጠገናል፣
ሐዲዱ መሃል ሣር በቅሎ ፍየል ይውላል፤
ሰውየው የት እንደሞተ ማን ያውቃል?

ቀባሁ። ምን ላድርግ፣ በካሬ ነው ቀኔ።
ባሕሩን፣ ጀልባውን፣ በገዛ እጄ፣ እኔ።
የጎረምሳውን እግር ሳልነካ ብዙ ቆየሁ፤
ኋላ እሱንም ነጭ አለበስሁ።
ማታ በሳፋ ስታጠብ ውኃው ሰማያዊ ሆነ፤
ደጅ ደፋሁት፤ አቧራው ጠጥቶ ጠቆረ፣ ከዚያ ያው አቧራ ሆነ።

ሐምሌ ገባ። ስልክ ተደወለ።
«ግድግዳው ሰማያዊ ያልበዋል! ምን ጉድ አለ?»
ሄጄ ደገምኩ፤ በሌላ ዝናብ ደግሞ ፈሰሰ፣
ከወደቡ አፍ ተነሥቶ አልጋው ራስጌ ደረሰ።
ተከራዩ ጎማ ነጋዴ ነው፣ ከጭሮ የመጣ፤
«ተዉት» አለ፣ «ስነቃ ፊቴን የታጠብኩ ይመስለኛል፤ ምን አመጣ?»

አዲሱ ባቡር በከተማው ዳር ነው፣ እዚህ አይደርስም፤
ነፋስ ካላመጣው ጩኸቱም አይሰማም።
ሲያመጣው ግን ኦቦ ሁንዴ ከበርጩማ ይነሣሉ፣
ገመድ እንደሚቀበል ሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ።