ጥቁሯ ዲኤክስ

አዘዞ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጋራዤ፣
ሰሙንና ጨርቁን ባንድ መዳፍ ይዤ፣
ማለዳ ሙሽራ ጭና ማራኪ ልትሄድ፣
ስፈትጋት አደርሁ፣ ያችን ጥቁር ጉድ።
በሩን ጠረቀምሁት፤ ነፋስ የለ፣ አቧራ፤
ባንዲት ሸምበቆ አምፖል ፊቷ እስኪያበራ።
ጢሜን የምላጭባት መስታወት መሰለችኝ፤
«እጄ ይባረክ» አልሁ፤ ሌላ ማን ሊለኝ።
ጎማ ተንተርሼ ከጎኗ ተኛሁ።

ሲነጋ በሩን ከፍቼ ገፋኋት ወደ ደጅ።
የጥር ፀሐይ መቼ ታዝናለች ለሰው ልጅ!
ኮፈኗ ላይ ወጣ፣ ክብ በክብ ላይ ክብ፣
ሸረሪት ሌሊቱን ያደራችው መረብ።
የድንጋይ ጭረት አይደል፣ የቅርንጫፍ አይደል፤
የራሴው እጅ ዙረት፣ የራሴው እጅ በደል።
ሰሙን እኔ ቀባሁ፤
ወርቁን ፀሐይ ፈታች።

እልህ ቢይዘኝ፣ እዚያው ደጅ ላይ እንደገና፤
ሰሙ ደርቆ ጠበቀኝ፣ ጨርቄ ሳይደርስ ገና።
ሲኖትራክ አለፈ፤ አቧራው ተነሣ፤
ጨርቄ ሞረድ ሆኖ ቀለሟን አሳሳ።

ፈንታሁን ደረሰ፣ ሪባን አንጠልጥሎ፤
«አቤት ስታበራ!» አለኝ ከሩቅ፣ ቸኩሎ።
ለሱስ አበራችለት። ሙሽራ እያለች
ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? እኔን ግን አየችኝ።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ» ብዬ መለስኋት ወደ ጥላ።
በሩን ግን አልዘጋሁ፤ ገርበብ አደረግሁት።
ጨርቄን ገለበጥሁ፣ በንጹሑ ገጽ፣
ካፍንጫዋ ወደ ግንባሯ፣ በቀጥታ፣ ክብ ሳልዞር፤
ፀሐይ በስንጥቁ
እንደ አማት ታየኛለች።