ድምፅ ቀጂው

ቡዳፔስት ጥር ነው፤ ዳኑብ ጭጋግ ለብሷል፤
ሎራንድ ወንበሩ ላይ አገጩን ሰጥቷል።
ሐኪሙ በእስክሪብቶ ጉንጩን ይሸነሽናል፣
እንደ መሬት ቀያሽ፦ «እዚህ ጋ ይጎድላል።»

ትራም ነጂ ነው እሱ። ተሳፋሪዎች በሙሉ
ማጅራቱን እንጂ ፊቱን መች ያያሉ?
የሦስት ዓመት ቁጠባ፣ የክረምት ትርፍ ሰዓት
ሊከፍል ነው ዛሬ ለአውራ ጣት ስፋት።

«ፊትህን መቼ ጠላህ?» አለች አዘጋጇ።
ዝም አለ። ማሞቂያው ጥግ ላይ አንኮራፋ።
«አልጠላሁትም» አለ፤ «የሚያየው ሰው ጠፋ።»

ካሜራው ቆመ። ተጠጋኝ፦ «በየት በኩል አምራለሁ?»
እኔ፣ ድምፅ ቀጂው፣ መላሽ ቃል አጥቻለሁ፤
ገመዴን እየጠቀለልኩ
መላጣዬን የጋረደውን ኮፍያ
እስከ ቅንድቤ ሳብኩ።