ሐይቁ በየት በኩል ነው?

ምስማር መታሁ ከወለሉ፣ ከእህል መጋዘኑ እምብርት፤
ሲባጎ አሰርኩበት፣ ልኩ ሦስት ሜትር ከስልሳ፤
በጠመኔ ዞርኩ እንደ አውድማ በሬ፣ በአራት እግሬ፣
ክቡ እስኪገጥም፣ የሱሪዬ ጉልበት እስኪሳሳ።

ስምንት ቦታ ከፈልኩት። ስምንት ስፒከር ለቀምኩ ከየደጃፍ፦
ሁለቱ የእታገኝ፣ የሠርግ ኪራይ፣ በጥር ጩኸት የጎረነነ አፍ፤
አንዱ ከሞባይል ሱቅ፣ «ቅናሽ! ቅናሽ!» ሲል የኖረ፤
አንዱ ከስፖርት ቤት፣ የሰው ላብ እየማገ ያደረ፤
አራቱን ወንድሜ ከሻሸመኔ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣
ከሁለት ፍየሎች ጋር አስሮ፣ አንጋጠው እያዩ ሰማይ።
(ነገርዬው አምቢሶኒክ ይባላል ብላት
«የምን መድኃኒት ነው?» አለችኝ እታገኝ።)
እነዚህን ነው እንግዲህ
«አንድ ውሃ ሁኑ» የምላቸው።

ድምፁን የቀዳሁት በሰኔ፣ ከአሞራ ገደል ዳር፣ ጎህ ሳይቀድ፤
ማይኩ ባለ አራት ጆሮ፣ ካልሲዬን አልብሼው ለነፋስና ለብርድ።
አንዱ ጆሮ ሁሉን ይቀበላል፣ ማንን ከማን ሳያበላልጥ፤
አንዱ ፊትን ከኋላ ይለያል፤ አንዱ ግራና ቀኝን ሲመርጥ፤
አራተኛው ላይና ታች ነው፦ የአባ ኮዳ ክንፍ ከላይ፣
ከታች የዓሣ ሆድ በቢላ ሲከፈት።
ለእሱ ግን ስፒከር አልተረፈኝም፣ ከጣሪያ የምሰቅለው፤
ወፎቹን ይቅርታ ጠይቄ
በጆሮ ልክ አወረድኳቸው።

ቁልፉን ነካሁ። ሐይቅ የለም።
ዳር ዳሩ ውሃ ውሃ ይላል፤ መሐሉ የወለቀ ጥርስ ቦታ፤
ከሳጥን ሳጥን ስድህ፣ ጆሮዬን ስለጥፍ፣ ከቀትር እስከ ማታ፣
አምስተኛው ሆኖ ተገኘ ጉደኛው!
ቀይ ሽቦውን ከጥቁሩ አምታትቼ፣
ሰባቱ አየሩን ሲገፉ እሱ ወደ ኋላ ይስባል፤
እንዳኮረፈ ቀዛፊ
ታንኳዋን ባለችበት ያሽከረክራል።

ፈታሁ። ገለበጥኩ። አጠበቅኩ።
ውሃው ገባ።

«ልጄ» አሉ ዘበኛው ጋሽ ሌዳሞ፣ ከበሩ ዱላቸውን ተደግፈው፤
(ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል፣ መረብ ዘርግተው፣ መረብ አጥፈው)
«ይሄ ጀልባ ከአላሙራ ነው እንዴ የሚመጣ?
ተራራ ላይ ማን ይቀዝፋል? ዓሣስ ከድንጋይ መቼ ወጣ?
ሐይቁ በየት በኩል ነው?»

አፈርኩ። ማይኩ ያን ጊዜ ግንባሩን የሰጠው ለሐይቁ ነበር፤
እኔ ግን ቁጥር አንድን ያቆምኩት በስተደቡብ፣
ለሶኬት ስለሚቀርብ።
አንድ ቁጥር ጻፍኩ፦ ዘጠና።
ሐይቁ ከነታንኳው፣ ከነጉማሬው፣ ከነሳሉ፣ ከነስድቡ፣
ጎኑን እንደሚቀይር በሽተኛ፣ ቀስ ብሎ ዞረ በክቡ፤
ሄዶ በምዕራብ ተኛ፣
ከግድግዳው ወዲያ ከእውነተኛው ጎን።

መሐል ላይ አንድ ወንበር አለ። ስሌቱ የሚሠራው ለእሱ ነው፤
አንድ ክንድ ፈቀቅ ካሉ፣ ሐይቁ ተመልሶ ስምንት ሳጥን ነው።
«ይቀመጡ፣ ጋሽ ሌዳሞ።»
«ተወው፤ እኔ ባለ አንድ ጆሮ ነኝ፤
ግራው በልጅነቴ በኩፍኝ ሄዷል።»
በአንድ ጆሮ ነው ለካ ያረሙኝ፣
አንገታቸውን እንደ አሞራ ወዲያ ወዲህ እያሉ!

ወንበሩን አልፈው ዳር ዳሩን ዞሩ፣ ሒሳቡ «የለም» በሚልበት፤
ከስፖርት ቤቱ ስፒከር ሥር ቆሙ፣ ድምፁ በሚንሻጠጥበት።
ለቅዳሜ ሰማንያ ሰው ጠርቻለሁ። ወንበር አንድ።
ምን እንደማደርግ እንጃ።

ያኔ ከሰባተኛው በኩል አንድ ሰው በሲዳምኛ «ያዝ!» ሲል፣
ገመድ አየሩን ሰንጥቆ ወደ ሦስተኛው ሲመጣ፣
ጋሽ ሌዳሞ ዱላቸውን ጣሉና
ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።