ዚፕ ያለው አዞ

ስሙ ትዝ አይለኝም። ሸዋ በር፣ ግንቡ ላይ፣
ግማሹን ዝናብ፣ ግማሹን ፍየል በላው፣ ሙሉውን ሳላይ።
የቀረው አንድ ክንድ ነው፣ ጎራዴ የጨበጠ፤
አንድም ዓይን፣ የማን እንደሁ እንጃ፣ እኛ ላይ ያፈጠጠ።

መግቢያው ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ለሁለታችን ሃምሳ፤
ኑርዬ ጠርሙስ ለቅሞ ሸጦ ከሆጤ እስከ ፒያሳ።
አዳራሹ የጥንት መጋዘን ነው፣ ቆርቆሮው ያፈሳል፤
ዝናብ ሲወርድ ሸራው ላይ ያለው በረሃ ይርሳል።
ማሽኑን የሚያዞር አያ ሙሄ፣ ፊልሙ ሲበጠስ፣
«ጎማ ፈነዳ! ሐረጎ ላይ ነን! ታገሱ እስክንደርስ!»

ታሪኩ ምንም አይደል። አንድ ሰው ካርታ አለው፤
ካርታውን የሚመኝ አንድ መላጣ ጠላት አለው።
ጫካው ስድስት ዛፍ ነው፤ ቆጥሬያለሁ። እዚያ ውስጥ ሰው ጠፍቶ
ሦስት ቀን ተፈልጎ ተገኘ፣ ጢሙን ተላጭቶ።

ከዚያ ወንዙ መጣ። ወንዙ ውስጥ አዞው መጣ።
አዳራሹ ሙሉ ሰው ባንዴ ትንፋሽ አጣ።
ኑርዬ ክንዴን ያዘ፣ ጥፍሩ ቆዳዬ ውስጥ እስኪቀበር፤
አዞው ግን ሲገለበጥ፣ ሆዱን ወደ ላይ ሲያዞር፣
አየሁት፦ ከአንገት እስከ ጅራት ዚፕ፣ የጃኬት ዚፕ ነበር።
እሱም ሙሉ አልተዘጋ። በስተታች፣ በክፍተቱ፣
ብቅ አለ የሰው ካልሲ፣ ቡኒ፣ ተቀዶ፣ ከነአውራ ጣቱ።

ልነግረው ወደ ኑርዬ ዞርኩ። ዓይኑ ውስጥ ወንዙ ይፈሳል፤
የእሱ አዞ ገና ጥርስ አለው፣ ገና ሰው ይጨርሳል።
ዋጥኩት።

ወደ ቤት ስንሄድ ጉሙ ወርዶ አይታይም ያንዳችን ላንዳችን ፊት፤
«ቦርከና ውስጥም አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። «ትልቅ?» «እንደ ቤት።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኦራል ላይ ሆኖ ሐረጎን ወረደ፤
እጁን አውጥቶ እንደ አዞ አፍ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ሄደ።

አዳራሹ ዛሬ ስፖንጅ ፍራሽ ይሸጥበታል። አያ ሙሄ ሞቷል።
ስለ ፊልሙ የጠየቅሁት ሁሉ «ሕልምህ ነው፣ እንዲህ ያለ የለም» ይለኛል።
ይበሉ። ሕልም የተቀደደ ካልሲ አያጠልቅም።
ያ ጎማ ለብሶ ውሃ የገባ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ስሙ አልተጻፈም፤
ወንድሜ ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከእሱ በቀር የፈራው የለም።

የጦሳ ብርድ ሲመጣ፣ ጃኬቴን ልዘጋ ስል፣
ዚፑ መሃል ላይ ይያዛል። አልጎትተውም። ትንሽ ክፍት ይዋል።