የመወልወያው እንጨት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቂርያት ጋት ሰፈር
የትምህርት ቤት ወለል ስወለውል ነበር።
ንጣፉን አንድ በአንድ እንደ ልጄ አውቀዋለሁ፤
የትኛው ሸክላ እንደላላ በጨለማ እነግራለሁ።
ሰውን ግን በጫማው፣ በጫማው ነው የማውቅ፦
ያቺ ባለ ቀይ ሸራ፣ ስትሮጥ የምትወድቅ፤
የሒሳብ መምህሯ፣ ተረከዟ የሚጮኸው፤
ርዕሰ መምህሩ ደግሞ
አንዱ ክር ቡናማ፣ አንዱ ክር ጥቁር ነው።

ፊታቸውን? እንጃ።
አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው ይል ነበር አባቴ፤
የኔ ግን ወደ ታች ብቻ ነው ትምህርቴ።
ልጅ ሳለሁ "ዐይንሽን ስበሪ" እየተባልኩ፣
ለእንግዳ፣ ለሽማግሌ፣ ለአማት እየጎነበስኩ፣
ጨዋነት ያልኩት ነገር ወገቤ ላይ ተሰፋ፤
ስቆም አልፈታ አለኝ፣ ስተኛም አልጠፋ።

መጀመሪያ ትንሽ ነው፣ እንደ እሾህ ወጋ ወጋ፤
ኋላ እግሬን አደነዘዘው ክረምቱ ሲጠጋ።
ካልሲ ማጥለቅ ጦርነት፣ ከአውቶቡስ መውረድ ዳገት፤
ታጥፎ ለሚውል ደረት ትንፋሽ ይገባል በየት?
እርጅና ነው ብዬ ዝም። ጎረቤቴ ዝማምም
"እኔም እንዲሁ ነኝ" አለች፤ ስለዚህ አልደነቀኝም።

ኩፓት ሆሊም ላኩኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ላሪሳ የምትባል፣ ወገብ የምታይ።
ከኡዝቤክ አገር መጥታ ዕብራይስጧ ሰባራ፤
የኔም ከሷ አይሻልም፣ አንካሳ ካንካሳ ጋራ።
ጥጉ ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አከርካሪ
ቀጥ ብሎ ታዘበኝ እንደ ሠርግ ቤት ነገረ ሠሪ።

"ቁሚ" አለች፤ ቆምኩላት። "አይ፣ ቁሚ" አለች ደግማ።
"ቆሜያለሁ እኮ!" ብላት አፈጠጠች ተገርማ።
ግድግዳ አስደገፈችኝ፦ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፤
ጭንቅላቴ ብቻ ቀረ፣ አንድ ጋት ከመድረሻ።
"ራስ ከባድ ነው" አለች፣ "ሐብሐብ በይው፣ ድንጋይ በይው፤
አንገት ላይ ከተቀመጠ አንገት ችሎ ይሸከመው፤
ወደ ፊት ከወጣ ግን ጀርባ ነው ዕዳ የሚከፍለው።"

ሆዴን ሰብሰብ፣ አገጬን ሳብ ወደ ኋላ፣
ትከሻዬን ጣል፣ ጉልበቴን ላላ፤
እንዲህ አስቁማኝ ሳለ ጠየቀችኝ ሌላ፦
"የምትወለውዪበት እንጨት ቁመቱ የት ይደርሳል?"
እጄን እምብርቴ ላይ አኖርኩ።
ዝም አለች። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል።
"እንጨቱ አጥሮ ነው" አለች፣ "ጀርባሽ ምን አጠፋ?"
ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ እንባ፣ ከዚያ ሁለቱም ጠፋ።
ለእንጨት እንዳልሰግድ ኦሪት እያዘዘኝ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ዱላ አሰገደኝ!

ማታ ለልጅ ልጄ ለዮታም ነገርኩት፤
እሱንም ስልኩ ላይ እንደ ማጭድ ቆልምሞት አገኘሁት።
"አገጭህን ሳብ!" ብዬ ግንባሩን በጣት ገፋሁት።
ተነጫነጨ፣ ሳቀ፣ ሜትር ፈልጎ ለካኝ፤
የአሮጌ መጥረጊያ እንጨት በብሎን ቀጥሎ ሰጠኝ።

በማግስቱ ኮሪደሩን ቀጥ ብዬ ጀመርኩ።
መጀመሪያ አፈርኩ፤
የኮራሁ መሰልኩ፤ ሰው ምን ይለኛል አልኩ።
ወገቤም አጉረመረመ፣ የለመደውን ሲያጣ፤
ትንፋሼ ግን፣ ተመስገን፣ ሆዴ ድረስ ወርዶ ወጣ።
ላሪሳ እንዳዘዘችኝ በየሩብ ሰዓቱ
ግድግዳ ስደገፍ፣ ሁለት ጣት ቀረው ክፍተቱ።

ያኔ አየሁ፦
ከበሩ በላይ ሰዓት፣ ቆሞ የቀረ፤
የመብራቱ ቀፎ ላይ የርግብ ጎጆ ነበረ፤
ልጆች ጣራው ላይ የሳሉት ሰማያዊ ባሕር፣
ከሥሩ ባልዲ ይዤ ስመላለስበት የነበር።

ኮቴ ሰማሁ። ቡናማ ክር፣ ጥቁር ክር።
ቀና አልኩ።
ትከሻው ጆሮው ሥር ወጥቶ፣ አገጩ እንደ ኤሊ ቀድሞት፣
የደብተር ቁልል ታቅፎ ከኔም ይልቅ ጎብጦ አየሁት።
"ሻሎም ጥሩወርቅ" አለኝ፤ ስሜን ያውቅ ኖሯል ለካ።
ባልዲዬን አስቀመጥኩ።
"መምህር" አልኩት፣ "ና እስቲ፣ በራስህ ይቺን ግድግዳ ንካ።"