ሆዴን ባር ባር

ረሆቮት፣ ምድር ቤት፤ ማሽኑ ያጓራል።
ቀለበት፣ ጉትቻዋ ሳህን ላይ ተኝተዋል፤
ያላነሳሁት ስልኬም ከጎኑ ይበራል።

«ሐዘኑ የት ጋ ነው?» ጠየቀች ኤፍራት፤
ለትርፍነሽ አዙሬ ባማርኛ አልኳት።
«ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልጄ ስልክ ካቆመ።»
ኤፍራት «ሆድ» ብላ ጽፋ፣ ብዕሯ ቆመ።

እንዴት ብዬ ላስረዳት፣ እኛ ዘንድ ሆድ ማለት
ቂም የሚቋጠርበት፣ ምሥጢር የሚያድርበት፣
በልቶ ጠግቦም እንኳን ወና የሚቀር ቤት?

የልጇን ስም ጠሩላት በጆሮ ማዳመጫው፤
ለውዝ የምታህል ነጥብ ቀላች ከማሳያው።
«ይኸውና!» አለች ኤፍራት።

ትርፍነሽ ወጥታ አየቻት፣ ጫማዋን እያጠለቀች፦
«ይቺማ መርዶ ነጋሪ ናት።
ለቅሶው የተቀመጠው እዚህ ነው፤»
እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ኤፍራት ዞራ እኔን አየች፣
ትርጉም እየጠበቀች።